ሽንኩርት የያዘ ያልፋል

ቢላዋ ስለት ያለው ነገር መሆኑ ለነጌሌ ሕዝብ በይፋ የተገለጸው በ1978 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጧት፣ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ፣ ከማርሽ ሙዚቃ በኋላ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፍስሐ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ያልሰማ እንዳይኖርም ደገሙት። ቢላዋ ስለት አለው። ስለት ያለው ነገር ይቆርጣል። በመሆኑም ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የአውቶብስም ሆነ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳት፣ ባለቤቱ አብሮ ያልተሳፈረ ቢላዋ በመልእክት ተቀብሎ ማጓጓዝ አይችልም። ተጓዥ ግን ለገዛ ምግቡ የሚሆን አንድ የወጥ ቤት ቢላዋ ቢይዝ አይከለከልም።

ገበያተኛው ባለበት ቆሞ አዳመጠ። ልኳንዳ ነጋዴው ኃይለመስቀል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ "ጠርጥሬ ነበር" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አዋጁ እግሯን የቆረጣት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሸምሳ ትባላለች። አባቷ በደጉ ዘመን ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ ነጌሌ የቀረ ነው፤ ሱቋ ከገበያው ማዕዘን ላይ፣ ከሁለት መንገድ የሚታይ ቦታ ነው። ጭልፋ፣ ሰሃን፣ ማንኪያ እሷም ትሸጣለች፣ ሌላውም ይሸጣል። ቢላዋ ግን የሷ ብቻ ነበር። በሞያሌ በኩል ከውጭ የምታስመጣው፣ እጀታው ላይ የናስ ችንካር ያለው የወጥ ቤት ቢላዋ በቆላው ከተሞች ሁሉ "የሸምሳ ቢላ" ይባል ነበር። የንግድ ፈቃዷም ላይ የሰፈረው ይኸው ነው፤ የወጥ ቤት ቢላዋ አስመጪ።

በዚህ አገር ዕቃ የሚሄደው በሰው ነው። ሞያሌ ላይ ካርቶኑ ለአውቶብስ ረዳት ይሰጥና "ለሸምሳ ነው" ይባላል። ረዳቱ ሜጋ ከቀረ ለሌላ ረዳት ይነግራል፤ ያኛውም ዱብሉቅ ከወረደ ለአንዱ ተሳፋሪ አደራ ይላል። ሰው ይቀያየራል፣ ቃሉ ግን አይቀየርም፤ ዕቃው ይደርሳል። ደረሰኝ የጠየቀ ሰው እንደተሳደበ ይቆጠራል። አሁን ታዲያ ረዳቶቹ የሸምሳን ካርቶን ሲያዩ እንደ እባብ መሸሽ ጀመሩ፤ የመጨረሻው ካርቶን ሜጋ ላይ፣ የአክስቷ ልጅ ዓብዱሰላም መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

ይህም ሆኖ ብትታገሥ ይቻል ነበር። ነገር ግን ከክፍለ ሀገሩ የንግድ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። አስመጪ ነኝ ያለ ነጋዴ ያስመጣው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ካልታየ ፈቃዱ አይታደስም። ፈቃድ የሌለው ደግሞ የቀበሌ ቤት ይዞ መቀመጥ አይችልም፤ ቤቱ ለሕብረት ሱቁ ይተላለፋል። ጓድ ፍስሐም ያንን ማዕዘን ለሕብረት ሱቁ ካሰቡለት ቆይተዋል። አንድ ቀን ከሸምሳ በራፍ ቆመው የበሩን ስፋት በእርምጃ ሲለኩ ታይተዋል። ምን እያደረጉ እንደሆነ ሲጠየቁ እግራቸውን ለማፍታታት ነው አሉ።

ሸምሳ ማክሰኞ ቀበሌ ሄደች። ጓድ ፍስሐ በስብሰባ ላይ "ግለሰብ ነጋዴዋ" ነው የሚሏት፤ ከስብሰባ ውጭ "እትዬ ሸምሳ"። ያን ዕለት ስብሰባ ይሁን አይሁን ስላልለየላቸው ዝም ብለው ወንበር አሳዩዋት። እሷም አቤቱታ አላቀረበችም። መመሪያውን በደንብ ልረዳው ብዬ ነው የመጣሁት አለች። አንድ ሰው ስንት ቢላዋ ይዞ መሳፈር ይችላል? አንድ። የምን ቢላዋ? የወጥ ቤት።

"የወጥ ቤት መሆኑስ በምን ይታወቃል?" አለች።

ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ጓድ ፍስሐ ደግሞ "አላውቅም" የሚባለው ቃል ከሊቀመንበርነት ጋር እንደማይሄድ ያምናሉ። ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት ሽንኩርት ትሸጣለች።

"ከሚቆርጠው ነገር ጋር ሲገኝ ነው" አሉ።

"ለምሳሌ?"

"ለምሳሌ ሽንኩርት።"

ሲናገሩት ለራሳቸውም ጣማቸው። ከሜጋ እስከ ነጌሌ በዚያ አቧራ አንዲት ሽንኩርት ታቅፎ የሚመጣ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቢላዋም አይመጣም። ከሰዓት በኋላ በድምፅ ማጉያው ማብራሪያ ተሰጠ፤ የወጥ ቤት ቢላዋ ማለት ከሚቆርጠው የምግብ ዓይነት ጋር የተገኘ ቢላዋ ማለት ነው ተባለ። ሸምሳ ይህን ስትሰማ የሽንኩርት ሻጯ ዘንድ ቆማ ነበር። ጆንያውን እንዳለ ገዛችው።

በማግስቱ ሸምሳና ጆንያዋ ወደ ሜጋ ወረዱ። የሜጋ ሰው ንግድ ቀየረች ብሎ አዘነላት። ዓብዱሰላም ብቻ ነገሩ ሲነገረው ራሱን ያዘ። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ መጋዘኑን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን የሚነካካ ዓይነት።

"የአክስቴ ልጅ" አላት፣ "ለእያንዳንዱ ሰው ቢላዋ ስታስጨብጪ የኔ ነው እንዲል ነው የምታስተምሪው። ኬላ ላይ የኔ ነው ያለ ሰው ነጌሌ ሲገባ የሷ ነው የሚልበት ምን ምክንያት አለው? ከተማው ሁሉ ቢላዋ አጥቷል። አንድ ካርቶን ቢላዋ በትነሽ ባዶ ካርቶን ነው ይዘሽ የምትገቢው።"

"በመልእክት የላክነው መቼ ቀርቶ ያውቃል?"

"ያ የሰው ዕቃ ነበር። ይኼ ግን በሕግ የራሳቸው ነው።"

እውነቱን ነው። ሸምሳ ግን የካርቶኑን ገመድ መፍታት ጀመረች።

አውቶብሱን የሚነዳው ደበላ ነው። ደበላ ዕቃ በመልእክት እንዳይቀበል ፈርሟል፤ እሱም አልተቀበለም። ሸምሳ በበሩ ቆማ ለተሳፋሪው አንድ ቢላዋ አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ቢላዋ አንድ ሽንኩርት እያለች ስታድል እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ጎማ ይመረምር ነበር። አንዱን ጎማ ደጋግሞ መረመረው። ከዚያ በኋላም በሕይወቱ የሚያየው መንገድ ብቻ እንደሆነ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ተናገረ።

ተሳፋሪው ነገሩን ቶሎ ገባው። ሸምሳ ለማንም ብዙ አላብራራችም፤ ኬላ ላይ የናንተ ነው፣ ሽንኩርቱም የናንተ ነው፣ ከዚያ በኋላ አላህ ያውቃል አለች። የመዝገብ ቤት ሰው መሆኑ ከኮቱ የሚታወቅ አንድ ተሳፋሪ ሽንኩርቱን አገላብጦ ካየ በኋላ ከኋላ ኪሱ ሊከተው ሞክሮ አልገባ ስላለው እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ሽንኩርት ጠየቁ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ ነው አሉ። ወደ ነጌሌ የምትዳር ሙሽራ ቢላዋዋን ከቬሎዋ ሥር ስታስገባ ሚዜዎቿ እርስ በርስ ተያዩ።

ዱብሉቅ ላይ ጉያቱ ገባች። ጉያቱ ቦረና ናት፤ ቅቤ ወደ ነጌሌ እየወሰደች ሸምሳ ደጃፍ ነው የምትሸጠው። አውቶብሱን በሙሉ ሽንኩርት ታቅፎ ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

"አካም ሸምሳ? ናጋ?"

"ናጋ። ነይ ግቢ።"

"ይኼ ሁሉ ሰው ታሟል?"

ሸምሳ ነገረቻት። ጉያቱ ቢላዋውን ወሰደች፤ በአውራ ጣቷ ሞከረችው፤ ወደደችው። ሽንኩርቱን ግን መለሰች።

"ላኪ" አለች፣ አይሆንም ማለቷ ነው። "ቤቴ ሽንኩርት ገብቶ አያውቅም። እናንተ ሽንኩርት ትቆርጣላችሁ፣ ታለቅሳላችሁ፣ ከዚያ ትበላላችሁ። ምን ዓይነት ምግብ ነው? እኔ ቋንጣ አለኝ። ቋንጣም ይቆረጣል።"

መመሪያው የምግብ ዓይነት እንጂ ሽንኩርት ብቻ ስለማይል ቋንጣው ተቀባይነት አገኘ።

ነጌሌ ኬላ ላይ ገመዱ ተወጥሮ ነበር። ጠባቂው ጣዲቻ ብቻውን ቢሆን ነገሩ በሰላምታ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን ሸምሳ ጆንያ ሽንኩርት ይዛ ወደ ሜጋ ወርዳለች የሚለውን ወሬ ጓድ ፍስሐ ሰምተው ከጧት ጀምሮ ከጣዲቻ ጋር ተቀምጠዋል። አውቶብሱ ሲቆም ሁሉም እንዲወርድ አዘዙ። ሁሉም ወረደ። በአንድ እጁ ቢላዋ፣ በአንድ እጁ ሽንኩርት።

ጓድ ፍስሐ በሰልፉ ፊት ተመላለሱ። ይኼ የማን ነው? የኔ። ይኼስ? የኔ። ይኼስ? የኔ ነው ጌታዬ፣ ሽንኩርቴም ሁለት ነው፣ አሉ ሽማግሌው። ሙሽራዋም የኔ አለች። ሸምሳ መጨረሻ ላይ ቆማለች፤ በእጇ አንድ ቢላዋ ብቻ፣ አንድ ሽንኩርት ብቻ። ጓድ ፍስሐ የገዛ ቃላቸው እንዲህ ተሰልፎ ሲጠብቃቸው አይተው አያውቁም። ቃላቸውን ማጠፍ አይችሉም፤ በድምፅ ማጉያ የወጣ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት ገፉት።

"መያዝ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም" አሉ። "በተግባር ይታይ። ቁረጡ።"

ተቆረጠ። አንዱ መዳፉ ላይ፣ አንዱ ሻንጣው ላይ፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው ስኮርታ ጎማው ላይ፣ ሙሽራዋ የሚዜዋ ጉልበት ላይ ሣጥን አስቀምጣ። ሽንኩርቱ ያ ትንሹ፣ ቀዩ፣ ክፉው ያበሻ ሽንኩርት ነው፤ ቢላዋው ደግሞ አዲስ ነው፣ በደንብ ይቆርጣል። የዚያን ቀን ነፋስ ከአውቶብሱ ወደ ኬላው ነበር። መጀመሪያ ሚዜዎቹ አለቀሱ። ከዚያ ሽማግሌው። ከዚያ አውቶብሱ በሙሉ። ጣዲቻ ፊቱን ወደ ኬላው ዳስ አዞረ፤ እዚያም አለቀሰ። ጓድ ፍስሐ እንባቸው በአንገታቸው እየወረደ ቆመው ቀሩ፤ አቁሙ ብለው ሊያዙ አፋቸውን ሲከፍቱ ይብስባቸዋል። መሐረብ አወጡ። መሐረቡም አልበቃም።

በዚህ መሃል ከአውቶብሱ ኋላ አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር መጥቶ ቆመ።

ከላንድሮቨሩ የወረዱት ወይዘሮ ሀረገወይን፣ ተልተሌንና ሜጋን አዳርሰው ወደ ነጌሌ የሚመጡት የንግድ ተቆጣጣሪ ነበሩ። አንድ መንደር ሙሉ ሰው በመንገድ ዳር እየተንሰቀሰቀ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር መሐረብ ይዘው ከፊት ቆመው፣ የኬላው ጠባቂ ሳይቀር ግንባሩን ዳሱ ላይ አስደግፎ አዩ። የአገራችን ወግ ይታወቃል። ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጀምርም፤ ቀድሞ ያለቅሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። ወይዘሮ ሀረገወይን ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ደረታቸውን መቱ። የሳቸው እንባ የሽንኩርት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድማቸውን ቀብረዋል፤ እሱን እያነሱ ነው ያለቀሱት። ይህን የሰሙ ሴቶች ደግሞ በእውነት የየራሳቸውን ሙታን እያነሱ ማልቀስ ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው እንባ የምን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ትንሽ ሲበርድ ወይዘሮ ሀረገወይን ወደ ጓድ ፍስሐ ቀረብ አሉ።

"እግዜር ያጽናችሁ፣ ጓድ። የቅርብ ሰው ነው?"

ጓድ ፍስሐ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው፣ እነዚህን ሁሉ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁሜ ሽንኩርት እያስከተፍኩ ነው ማለት ነው። ይህ መመሪያ ደግሞ ከላይ በመጣው ወረቀት ላይ የለም፤ ከመስኮት የመጣ ነው።

"የሕዝብ ሰው ነበር" አሉ።

በዚህች ቃል አንድ ሰው ሞተ። ወንድ መሆኑም ታወቀ።

"የለቅሶው ቤት የት ነው?" አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን። "ሳልደርስ ወደ ሥራ አልገባም።"

ጓድ ፍስሐ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሕዝቡ ወደ መሬት አየ። ያን ጊዜ ሸምሳ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ከመጨረሻው ረድፍ ወጣች።

"እኔ ጋ ነው" አለች። "ግቡ።"

ያን ሰዓት ምን አስባ እንደሆነ በኋላ ስትጠየቅ፣ ሴትዮዋ መንገድ አድክሟቸው ነበር፣ ውሃ ልስጣቸው ብዬ ነው ትላለች። እኛም አመንናት። የሆነው ግን የሚከተለው ነው። እንዲያ ካለቀሱ በኋላ ወደየቤት መሄድ ነውር ስለሆነ ተሳፋሪው በሙሉ ከወይዘሮ ሀረገወይን ኋላ ተሰልፎ ተነሣ። ጣዲቻ ኮፍያውን አውልቆ ገመዱን ዝቅ አደረገ። ከሜጋ የመጣው የሸምሳ ካርቶን፣ አንድ ቢላ ሳይቀር፣ በሰው እጅ እንደተያዘ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ በድምፅ ማጉያው ሥር አልፎ፣ በሊቀመንበሩ ቀዳሚነትና በተቆጣጣሪዋ አጃቢነት ነጌሌ ገባ። ደበላ ባዶውን አውቶብስ በዝግታ ከኋላ እየነዳ ጥሩምባውን አንዴ ነፋ። ለምን እንደነፋ አልተናገረም።

ከተማው ይህን ሲያይ ወጣ። ዕድሩ ሳይጠራ ድንኳን አመጣ። የዕድሩ ለፋፊ ጥሩምባውን ነፍቶ ስም ሊጠራ ሲል የሚጠራው ስም እንደሌለው ትዝ አለውና እንደገና ነፋ፤ ከፊተኛው ረዘም አድርጎ። ኃይለመስቀል ከሥጋ ቤቱ አንድ ብልት ተሸክሞ መጣ። የሸምሳ ግቢ ከመቼው ሞላ። ወንዶቹ ድንኳን ገቡ፤ ሴቶቹ ወደ ጓሮ። ተከትፎ የደረሰ ሽንኩርት ይዞ የሚመጣ ለቀስተኛ ነጌሌ ከዚያ በፊት አላየችም፤ ወጡ ቶሎ ተጣደ።

ድንኳኑ ውስጥ ጓድ ፍስሐ የሐዘንተኛ ቦታ ተሰጣቸው። ክርስቲያኑ እግዜር ያጽናዎ ይላል፣ እስላሙ አላህ ሰብሩን ይስጥዎ ይላል፤ እሳቸው ጎንበስ ይላሉ። ወይዘሮ ሀረገወይን ከጎናቸው ተቀምጠው የሟቹ ስም ሲነሣ ለመስማት ጠበቁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ማን ነበር ማለት አይቻልም፤ ሰው ያወራል፣ ካወራው ይለቀማል። ሰውም አወራ። ደግ ነበር አሉ። ቁጡ ነበር ግን ቂም አይዝም አሉ። ሥጋ ይወድ ነበር አለ ኃይለመስቀል። ሽማግሌው ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ ብለው ሲጨርሱ ሁሉም ቀና ብሎ አያቸው፤ እሳቸውም ከመጠን እንዳለፉ ገብቷቸው ውሃ ጠየቁ።

ወይዘሮ ሀረገወይን ከዚህ በኋላ ተነሡና ሥራ ላግዝ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። አይሆንም፣ እንግዳ ነዎት ተባሉ፤ እንቢ አሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠው አንድ ቢላዋ አነሡና ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ጥቂት እንደቆረጡ ዐይናቸው ሞላ። ቆም አሉ። ሽንኩርቱን አዩ። ዙሪያቸውን አዩ። ሴቶቹ ሁሉ ዐይናቸው ቀልቷል፤ አንዷ ብቻ፣ ቅቤ የተቀባች የቦረና ሴት፣ ሥጋ እየዘለዘለች ፊቷ ደረቅ ነው።

"አንቺ አታለቅሺም?" አሏት።

"እኔ ሽንኩርት አልያዝኩም" አለች ጉያቱ።

በዚያ ቀን በነጌሌ ከተነገረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር። ሴቶቹ እጃቸው ቆመ። ወይዘሮ ሀረገወይን የያዙትን ቢላዋ አገላብጠው አዩት። አዲስ ነው። የናስ ችንካር አለው። አጠገባቸው ያለችው ሴት የያዘችውም አዲስ ነው፣ የናስ ችንካር አለው። የሚቀጥለውም፣ የሚቀጥለውም።

"ይኼ ቢላዋ የማን ነው?"

"የኔ" አለች አንዷ።

"ያኛውስ?"

"የኔ።"

ሸምሳ ሰሃን ተሸክማ ከጓዳ ስትወጣ ደረሰች። ወይዘሮ ሀረገወይን ስለ ሸምሳ ያውቃሉ፤ ሜጋ ላይ ስሟን ሰምተዋል፣ ወደ ጓሮ ሲገቡ ደግሞ በተከፈተው የጓሮ በር ሱቋን፣ ባዶውን ረጅም መደርደሪያ አይተዋል።

"ሸምሳ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ነገ ልጎበኝሽ ነበር። ዕቃሽ የለም።"

ቢላዎቹ የሴቶቹ ከሆኑ ሱቁ ባዶ ነው፤ ቤቱም የሕብረት ሱቅ ነው። የሷ ከሆኑ ደግሞ ከኬላው ጀምሮ የተባለው ሁሉ ውሸት ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በሷ የተነሣ ይጠየቃል። ዓብዱሰላምም እዚህ ቢኖር በሕግ የራሳቸው ነው ብሎ ያስታውሳት ነበር። ሸምሳ ሰሃኖቹን መሬት አስቀመጠች።

"አለ" አለች። "ሥራ ላይ ነው።"

መጀመሪያ የተነሣችው ጉያቱ ናት። ቢላዋዋን በውሃ አለቀለቀች፣ በጨርቅ አደረቀች፣ በጓሮው በር ወደ ሱቁ ገብታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው፤ ተመልሳ ቅቤዋ አጠገብ ተቀመጠች። "ማሎ" አለች ለሌሎቹ፣ እባካችሁ እንደማለት፣ "ምን ትጠብቃላችሁ?" ሁለተኛዋ ተነሣች። ከዚያ ሙሽራዋ፣ በሚዜዎቿ ታጅባ። ወሬው ድንኳን ደርሶ ወንዶቹ እየተነሡ መምጣት ጀመሩ፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ቢላዋውን ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ፣ ስለቱ ወደ አንድ ወገን እንዲሆን አድርጎ ደረደረው። ሽማግሌው ቢላዋውንም የተረፈቻቸውንም ሽንኩርት አስረከቡ። የሸምሳ መደርደሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ። የጎደለ አልነበረም። እንዲያውም አንድ ትርፍ ተገኘ፤ ከመሳል ብዛት ወስፌ የመሰለ አሮጌ ቢላ። ኃይለመስቀል በግርግሩ የገዛ የሥጋ ቤቱን ቢላ ጨምሮ አስረክቦ ኖሯል። ለምን ሲባል፣ ሁሉም ሲመልስ ጊዜ እጄ አላስቀምጥ አለኝ አለ።

ወይዘሮ ሀረገወይን በሱቁ በር ቆመው መደርደሪያውን በዐይናቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። በየከተማው በየሱቁ ብዙ መደርደሪያ አይተዋል፤ ዕቃው በገዛ እግሩ ተራምዶ ሲገባበት ያዩት ግን ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ቦርሳቸውን ከፈቱ። ማኅተማቸውን አወጡ። ፈቃዱን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው፣ ትንፋሻቸውን እፍ ብለውበት፣ ጠበቅ አድርገው መቱት። ሸምሳ ፈቃዱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለሽንኩርት አለቀሰች።

ድንኳኑ ውስጥ ምግብ ቀርቦ ነበር። ሰው ይበላል፣ ይጨዋወታል፤ በአንዱ ጥግ ሳቅ ተሰምቶ ታፈነ። ጓድ ፍስሐ በሐዘንተኛው ቦታ ተደላድለው፣ ጉርሻ እየተቀበሉ፣ ስለ መጪው የጽዳት ዘመቻ ለዕድሩ ዳኛ እያስረዱ ነው። የአንድም ሰው ዐይን አልረጠበም።

ወይዘሮ ሀረገወይን ከጓሮ መጡ። በሁለት እጃቸው አንድ ሰፊ ትሪ ተሸክመዋል፤ ትሪው ላይ ከአፍ እስከ ገደፉ ገና ያልበሰለ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ተከምሯል። በሰው መሃል አልፈው መጥተው ትሪውን ጓድ ፍስሐ ጉልበት ሥር፣ ልክ ከአፍንጫቸው በታች አስቀመጡትና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"በሉ ጓድ" አሉ ለስለስ ብለው፣ "ለቅሶው እንዳይቀዘቅዝብን።"

ጓድ ፍስሐ የጎረሱትን ሳይውጡ ቀና ብለው ለማየት ሞከሩ። ከዚያ እንባቸው መጣ።